ከክትባቱ በኋላ

«ከ... በኋላ» እና «ስለ» የሚሉትን ቃላት ለማስለየት በማስተማር ዘመኔ ብዙ ጠመኔ ፈጅቻለሁ። «ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጎርፍ መጣ» ሲባል የሚነገረው ጊዜ ነው፤ «ዝናብ ስለ ዘነበ ጎርፍ መጣ» ሲባል ግን ምክንያት ይነገራል። ተማሪዎቼ ይህን በደብተራቸው ላይ አሳምረው ይጽፉ ነበር፤ ከክፍል ሲወጡ ግን እንደማንኛውም ሰው ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል። የሰው ጤና በዚሁ ልዩነት ላይ ሲንጠለጠል ያየሁት በካናዳ አገር በደረሰው ነገር ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የብርዱ ወራት ከመግባቱ በፊት፣ እንደየዓመቱ ሁሉ፣ ብዙ የካናዳ ነዋሪዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተከተቡ። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በዚያ ዓመት ግን አንዳንዶቹ ከተከተቡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ቀሉ፤ ሌሎቹን ሳል ያዛቸው፣ ደረታቸው ተጨነቀ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ፊታቸው ያበጠም ነበሩ።

በሞንትሪያል ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ የነበረችው ታላቅ እኅቴ ከእነዚሁ አንዷ ነበረች። ጧት ተከትባ፣ ማታ ዓይኖቿ በርበሬ የገባባቸው መስለው፣ ስትስልና ትንፋሿ ሲቆራረጥ አደረች። በማግሥቱ ቀለል አላት፤ በሦስተኛው ቀን ምንም አልቀረባትም። በስልክ ስትነግረኝ ግን «ሁለተኛ በዚያ መርፌ አጠገብ አላልፍም» አለች። አልፈረድሁባትም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ስለ መስተዋድድ አይከራከርም።

የጤና ባለሙያዎቹ የሕመምተኞቹን ቃል «ብርድ ነው» ብለው አልጣሉትም፤ «ክትባቱ ነው» ብለውም አልቸኮሉም። ሕመሙን «የዓይንና የመተንፈሻ አካላት ሲንድሮም» ብለው ሰየሙት፤ ምልክቶቹንና የሚታዩበትን ሰዓት ወሰኑ፤ መዘገቡም። ከተከተቡት ሚሊዮኖች መካከል 960 ያህል ሰዎች ተገኙ። ከነዚህም ከመቶው 96ቱ የተከተቡት ከአንድ ፋብሪካ የወጣውን ክትባት ነበር። «በኋላ» የሚለው ቃል ወደ «ስለ» መጠጋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ተራ ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ፋብሪካ ባልመረጠ ነበርና።

ከዚያም ክትባቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ። ክትባቱ የሚዘጋጀው ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ አራብቶ፣ ገድሎ፣ በኬሚካል በመሰባበር ነው። በዚያ ዓመት ክትባት ውስጥ ግን በሚገባ ያልተሰባበሩ፣ እርስ በርሳቸውም እንደ ጓል የተጣበቁ የቫይረስ ቅንጣቶች በብዛት ተገኙ፤ ጥርጣሬውም በእነርሱ ላይ አረፈ። ፋብሪካው አሠራሩን ካሻሻለ በኋላ በተከታዩ ዓመት የሕመምተኞቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። (ልብ በሉ፤ እኔም «በኋላ» አልሁ እንጂ «ስለ» አላልሁም።)

ቀድሞ የታመሙ ሰዎች እንደገና ቢከተቡስ? ይህም ተፈተነ፤ ፈቃደኞቹ የተወጉት ክትባቱን ይሁን ወይም ክትባት የሌለበትን ፈሳሽ ሳያውቁ ተጠባበቁ። ለአብዛኞቹ ሕመሙ አልተመለሰም፤ የተመለሰባቸውም ቀለል ብሎላቸው ነበር።

እኅቴ ይህን ነግሬአት ወዲያው አልተመለሰችም፤ አንድ ዓመት ዘለለች። በሁለተኛው ዓመት ግን፣ የምትጦራቸውን ሽማግሌዎች አስባ፣ ሐኪሟን አማክራ ተከተበች። ያን ዕለት ማታ መስተዋት ይዛ፣ ዓይኖቿን እየተመለከተች፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጠች።