ቁልፉ በማን እጅ ይሁን

ሥራዬ ሰነድ በዲጂታል ፊርማ የሚፈረምበትንና የሚረጋገጥበትን ኮድ መጻፍ ነው። ይህን ሥራ የወደድኩበት አንዱ ምክንያት ሰው ማመን ስለሚከብደኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ከያዮና ከሁሩሙ መቱ የሚደርስ የቡና ማስረከቢያ ሰነድ ላይ ክቡን ማኅተም ሳይ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው፤ ማኅተም ይቀረጻል፣ ፊርማም ይኮረጃል።

ሒሳቡ ግን ሰው አይቶ አያዳላም። ምስጢራዊው ቁልፍ ይፈርማል፣ ለማንም የሚሰጠው ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል። ኢዲ25519 በተባለው ስልት ሁለቱም ቁልፎች 32 ባይት ናቸው፣ ፊርማው ደግሞ 64። በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃዋል። አንድ ቀን «መቱ» ተብሎ የተጻፈበትን ሰነድ ፈርሜ «መ»ን ወደ «ሜ» ለወጥኳት። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በ«መ» እና በ«ሜ» መካከል ያለው ልዩነት ግን አንዲት ቢት ናት። አንባቢ ያችኑ ከተማ ብሎ ያልፈዋል፤ ኮዱ ፊርማውን ውድቅ አደረገው። ደስታዬን አልደብቅም፤ የማይታለል ዳኛ ያገኘሁ መሰለኝ።

ዳኛው የሚመሰክረው ግን ሰነዱ በዚህ ቁልፍ መፈረሙን ብቻ ነው፤ ቁልፉን ማን እንደያዘው አያውቅም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ስለ ምስክር ወረቀት ሰጪዎች የደነገገው ለዚሁ ነው። ቁልፉ የእገሌ ነው የሚል የታመነ አካል ከሌለ ሒሳቡ ብቻውን የትም አያደርስም።

የምፈተነውም እዚህ ላይ ነው። የማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑ አዛውንት ቁልፉ የሚቀመጥበት ስልካቸው እንዳይጠፋ ሲሰጉ «ጋሼ፣ ቁልፉን እኔ ሰርቨር ላይ ላስቀምጥልዎት» ማለት ያምረኛል። እሳቸውም አምነውኝ እሺ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ በስማቸው መፈረም የምችለው እኔ ነኝ፤ ኮዱም «ትክክል ነው» ብሎ ይመሰክርልኛል። ይህን ሥልጣን አልመኝም ብል እዋሻለሁ። ለእሳቸው ከማሰብ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ለራሴም አይለይልኝም።

ስለዚህ ቁልፉ በገዛ ስልካቸው ውስጥ እንዲፈጠር፣ ከዚያም እንዳይወጣ አድርጌ ጻፍኩት። ስልኩ ከጠፋ አሮጌው ቁልፍ ይሰረዛል፤ ከጎሬም ይሁን ከቡሬ መቱ ድረስ መጥተው፣ መልካቸውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት አዲሱን ያስመዘግባሉ። መንገዱ ለሽማግሌ አድካሚ ነው፤ ድካሙን የጫንኩባቸው እኔ መሆኔንም አውቃለሁ። ስማቸው እኔ እጅ ከሚገባ ግን ይህን መርጫለሁ።