የእርስዎንስ ማን ያየዋል?

ወዳጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ታናናሾቹን የሚያስጠና ወይም የታናሽ እህቱን ታብሌት የሚቆልፍ ካለ፣ ይህን የምጽፈው ለእርሱ ነው። የማወራው ስለ ራሴ ስሕተት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ልጅ ስናካፍል ቆይተን 12 ያገለገሉ ታብሌቶች በስጦታ አገኘን። ልጆቹ ፈነጠዙ። ሽማግሌዎቹ ግን ጠርተው፣ «ኢንተርኔቱ ልጆቹን እንዳያበላሽብን፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ አንድ መላ ፈልግለት» አሉኝ።

ሦስት ምሽት ቁጭ ብዬ ሠራሁ። አዲስ አፕ ያለ እኔ የይለፍ ቁጥር እንዳይጫን አደረግሁ። ዩቲዩብ ላይ ለልጆች የማይሆኑ ቪዲዮዎችን የሚያጣራውን ማስተካከያ አበራሁ። በዋይፋዩ ሳጥን ላይ ደግሞ የዲኤንኤስ አድራሻውን ወደ 1.1.1.3 ቀየርኩት። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ተቀብሎ ወዳለበት የቁጥር አድራሻ የሚመራ መንገድ ጠቋሚ ነው። ይህኛው ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰቦች በነጻ ያቀረበው ሲሆን፣ ወደ ወሲብ ድረ ገጽ መንገድ ሲጠየቅ አያሳይም። ታብሌቶቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ለጠፍኩባቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ ሁልጊዜ የራሱን ቁጥር እንዲይዝ አደረግሁ። ሥራዬን ጨርሼ ተኛሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ታብሌቷን ከእህቷ ስልክ ሆትስፖት ጋር አገናኝታ አገኘኋት። ማጣሪያው የነበረው በእኛ ዋይፋይ ላይ ስለሆነ፣ በሌላ በር ስትገባ አብሯት አልሄደም።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ፣ ከነካርቶናቸው አስቀምጦላቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው አገኟቸው። ታሪኩን ሳነብ ለልጆቹ አጨብጭቤላቸው ነበር። በራሴ ክፍል ሲሆን ግን አላጨበጨብኩም፤ ፈራሁ።

ፍርሃቴም አንድ ነገር አስደረገኝ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አዳራሹን ዘግቼ ታብሌቶቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ምን ሲፈልጉ እንደዋሉ ማንበብ ጀመርኩ። ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩም። ለልጆቹም አልነገርኩም።

አንድ ቅዳሜ የመቶኛ ሒሳብ ሰጥቻቸው ግማሾቹ ሳይሠሩ ቀሩ። ተናደድኩ። «ታብሌት ለምን እንደተሰጣችሁ የረሳችሁ አላችሁ» አልኩና ካለፈው ሳምንት የያዝኩትን ማስታወሻ አወጣሁ። «ቁጥር 7። ‹ድምፄ ለምን ጎረነነ?› ይሄ ነው ሒሳብ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ቁጥር 7 ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የ13 ዓመት ልጅ ነው። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ድምፁ መሐል ላይ ከዳው። ያን ጊዜ ሳቁ ባሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁጥር 7 ከቁም ሣጥኑ አልወጣም። በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ አንዳች አላወቀችም፤ «ቅዳሜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ይለኛል» ብላ ቡና ልታቀርብ ተነሣች። ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፣

«ቲቸር፣ የሁላችንንም ያያሉ?» አለኝ።

«አዎ።»

«የእርስዎንስ ማን ያየዋል?»

መልስ አላጣሁም። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ኃላፊነት አለብኝ፤ ለእናንተው ብዬ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንዱም ከአፌ አልወጣም። ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ያስተማርኳቸው እኔው ነበርኩ፤ ገና ወር አልሞላውም።

ያን ምሽት የራሴን ስልክ ከፍቼ አየሁ። በዋዜማው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ አጫጭር ቪዲዮዎችን ሳገላብጥ አምሽቻለሁ። ነውር የሚባል ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ በጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ ቢያነብበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ቁልፍ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ልጅ በሚጫወትበት ግቢ የውኃ ጉድጓድ አፉ ይከደናል። ከድኑት። ነገር ግን የጉድጓድ ክዳን ሁሉም የሚያየው ነው፤ ለምን እንደተከደነም ልጁ ይነገረዋል። እኔ ግን ጉድጓዱን ከድኜ ሳበቃ ከዛፍ ኋላ ተደብቄ ማን ወደዚያ እንደሚሄድ መጠበቅ ያዝኩ። ያ ልጅ ለታብሌት ያቀረበው ጥያቄ ለእኔ ሊቀርብ የሚገባው ነበር። ለእኔ ያላቀረበው ለምን እንደሆነ ያን ቀን በክፍሉ ፊት አሳየሁት።

ያዋረድኩት በሰው ፊት ስለሆነ በደጃፍ ይቅርታ ብቻ አይበቃም አልኩ። ፈቃዱን ጠይቄ በክፍሉ ፊት ደገምኩት። ከዚያ ለሽማግሌዎቹም የሠራሁትን ነገርኳቸው፤ ገሠጹኝ፣ አብረንም አዲስ ሥርዓት አወጣን። አሁን ምን እንደተዘጋና ለምን እንደተዘጋ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ አለ። ማጣሪያው በእያንዳንዱ ታብሌት ላይም ስለተደረገ በሆትስፖት ሲገናኝም አብሮ ይሄዳል። ልጆቹ ሲፈልጉ የዋሉትን የማየው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ ያውም ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ። ያየሁት ለሌላ ልጅ አይነገርም። የ8ኛ ክፍሎች ከታናናሾቻቸው ሰፋ ያለ ፈቃድ አላቸው፤ ነገ ያለ እኔ ቁልፍ መኖራቸው አይቀርምና። ከምእመናን መካከል ነርስ የሆነች እኅት ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ ሰብስባ ስለ ሰውነት ዕድገት አስተማረቻቸው። ስም ሳይጽፉ ጥያቄ እንዲያስገቡ ያስቀመጠችው ሣጥን በአንድ ቀን ሞላ።

የእኔን ስልክ ኮድ ደግሞ ባለቤቴ ይዛዋለች። በፈለገች ጊዜ ትከፍተዋለች።

ልጁ ተመልሷል። እንደ በፊቱ እጁን አያወጣም፤ ከኋላ ይቀመጣል። አልቸኩልም። የግድግዳውን ወረቀት ስናዘጋጅ ግን ልጆቹ አንድ መስመር እንዲጨምሩ ዕድል ሰጥቻቸው ነበር። የጻፈው እሱ ነው፦ «በትምህርት ሰዓት የቲቸርም ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል።»

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ቅርጫቱ ውስጥ ጮኸ። እጄ ሳላዝዘው ተንቀሳቀሰ። እሱ ከኋላ ቀና ብሎ አየኝ። ተውኩት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ እኛም ወደ መቶኛችን ተመለስን።