ከወንዝ ዳር ጭቃ የሚሠራ በሬ

ለልጅ ስጦታ ሲባል ቶሎ ሱቅ ትዝ የሚለን ሰዎች ወደ ጋምቤላ ብናይ ጥሩ ነው። በዚያ የሚኖሩት የኑዌር ሕዝብ ልጆች ከወንዝ ዳር እርጥብ ጭቃ አምጥተው በሬ ይሠራሉ፤ ሻኛውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ቀንዱን በጣት ስበው ያጎብጣሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ይህ ተራ ጨዋታ አይመስለኝም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ ከብቱ በቀለሙና በቀንዱ ቅርጽ ተለይቶ ይጠራል፤ ጥሎሽም የሚከፈለው በከብት ነው። ስለዚህ ቀንዱን አስተካክሎ የሚሠራ ልጅ ማስተዋልን፣ መለየትን፣ የቤተሰቡን ሀብት ማወቅን በእጁ እየተማረ ነው።

«ጭቃ ይሰበራል፣ የፕላስቲኩ ይሻላል» የሚል አይጠፋም። መሰበሩ እውነት ነው፤ ግን የተሰበረው ውኃ ነክቶት እንደገና ይቦካል፣ ፕላስቲኩ ሲሰበር ይጣላል። «ዘመኑ የትምህርት ነው» ለሚሉም፣ ጣቱ በጭቃ የተፍታታ ልጅ እርሳስ ለመያዝ ብዙ አይቸገርም እላለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ወላጅ አብሮት ካልተቀመጠ፣ የትኛው ቀንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ማን ይነግረዋል?

እናንተስ ከልጆቻችሁ ጋር በእጃችሁ የምትሠሩት ምንድን ነው? ጻፉልኝ። በዚያው በጋምቤላ የሚኖሩትን የአኙዋዎችን ሸክላ ሥራ የሚያውቅ ካለ ደግሞ አሠራሩን ከነፎቶው ያካፍለን።