ፍራሹን ያራሰው ማን ነው?

ይሄውላችሁ፣ ባሕር ዳር ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው። ዘንባባው፣ ዓሣው፣ ጢስ ዓባይ፣ ጣና ዳር ተቀምጦ የተነሣው ፎቶ… እኔም ሄጄ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ከርሜ መጣሁ። ጢስ ዓባይን ግን አላየሁም። ከአምስቱ ቀን አብዛኛውን ያሳለፍኩት አንዲት ጀልባ ውስጥ ተንበርክኬ፣ የሰው ፍራሽ እያሸተትኩ ነው። (አትሳቁ!)

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ጀልባ አለው። ሃያ ሰው የምትጭን የብረት ጀልባ፣ የናፍጣ ሞተሯ ከኋላ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ። ከፊት በኩል ደግሞ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት አንዲት ክፍል አለቻት። ውስጧ ኮምፔንሳቶ ለብሷል። ቀን ቀን ላይፍ ጃኬትና ገመድ ይቀመጥባታል፤ ማታ ማታ የጀልባዋ ጠባቂ ወለሏ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ያድርባታል።

የደረስኩት ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። በየሰፈሩ ጅራፍ ይጮሃል፣ ሆያ ሆዬ ይጨፈራል። እኔ ደግሞ ጾሙን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ይዤ ነበር የገባሁት። የአክስቴ ልጅ ግን ገና እንደተሳሳምን ሌላ ነገር ጀመረ።

«ያንን ልጅ ላባርረው ነው» አለኝ።

የሚያባርረው ጠባቂውን ነው። ልጁ ከአንዱ ደሴት የመጣ፣ ዕድሜው ከሃያ የማይዘል፣ የማታ ተማሪ ነው። ክረምቱን ትምህርት ስለሌለ ሌት ተቀን ጀልባዋ ላይ ነው። ደመወዙ ትንሽ ናት፤ ዋናው ጥቅም መኝታው ነው። በከተማው ሌላ ቤት የለውም። ከጀልባዋ ተባረረ ማለት ከሥራም ከቤትም ተባረረ ማለት ነው፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ከትምህርትም።

ጥፋቱስ? ፍራሹ ጠዋት ጠዋት ርሶ ይገኛል። ልጁ «ጀልባዋ ውሃ ታስገባለች» ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ማታ ማታ ጀልባዬን እያወጣ መረብ ይጥልባታል። እርጥቡን መረብ እዚያው ፍራሹ አጠገብ ያሳድርና ጠዋት ውሃ ገባ ይለኛል።»

ማስረጃ ሲደረድር ዐቃቤ ሕግ ይመስል ነበር። አንደኛ፣ ቀን ቀን ክፍሏ ደረቅ ናት። ሁለተኛ፣ ዝናብ ባልጣለባቸው ሌሊቶችም ይርሳል። ሦስተኛ፣ የሚርሰው በቀኝ በኩል፣ ልጁ በሚተኛበት ጥግ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈረድኩበት። በማግስቱ ጀልባዋ ድረስ ሄጄ ፍራሹን ሳሸተው ዓሣ ዓሣ ይላላ! (ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ ዓሣ የማይል ነገር ካለ ንገሩኝ።)

ልጁ አልተከራከረም። «ጋሼ፣ እመብርሃንን ነው የምልዎት፣ አላወጣሁም» ብሎ ዝም አለ። የአክስቴ ልጅ የሐምሌን ደመወዝ ይዞበታል። በዚያ ላይ ቀኑ አጣዳፊ ነው። ነሐሴ 16 የፍልሰታ በዓል ነው፤ የኪዳነ ምሕረትም ወርኃዊ በዓል ነው። ሃያ ምዕመናን ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ በ15 ከሰዓት ለመነሣት ከፍለው ጨርሰዋል። ልጁ እየዋሸ ካልሆነ ደግሞ የሚከተለው የባሰ ነው፤ የጀልባዋ ሆድ ተበስቷል ማለት ነው። ሆዷ የተበሳ ጀልባ ላይ ሃያ ሰው ይጫናል?

እዚያው ዳር አንድ ሰው ነበሩ። ወጣትነታቸውን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው። አሁን የጣና ጀልባዎችን ሞተር ይጠግናሉ። ጭቅጭቁን ከሩቅ ሲሰሙ ቆይተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ጣታቸውን ፍራሹ ሥር ካለው ውሃ ነከሩና… ላሱት! ከዚያ ብቻቸውን ሳቁ።

«አየህ የልማድ ነገር» አሉኝ።

ኋላ እንዳስረዱኝ፣ ባሕር ላይ ጀልባ ውስጥ ውሃ ሲገኝ የመጀመሪያው መርማሪ ምላስ ነው። ጨው ጨው ካለ ውሃው ከባሕሩ ገብቷል፤ ስጋት ነው። ካላለ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ የመጠጥ ውሃ በርሜሉ አፍስሷል። ጣና ላይ ግን ሁሉም አንድ ነው። ሐይቁም ጨው የለው፣ ዝናቡም ጨው የለው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ምላስ እዚህ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ምላስ ሲያቅት ዓይን ይተካል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የገበሬውን አፈር ጠራርገው ያመጡና ይዘረግፉበታል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሐይቁ ውሃ በፎቶ እንደምታዩት ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው።

ሰውዬው ሁለት ብርጭቆ አስመጡ። በአንዱ ከሐይቁ ቀዱ፣ በሌላው ፍራሹ ሥር ያለውን ውሃ በጨርቅ እየመጠጡ ጨመቁ። ጨርቁን አስቀድመው ሦስቴ በንጹሕ ውሃ አጥበውታል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይ ነው ሰው ሙያ አለው የምለው። ብርጭቆዎቹን መስኮት ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የሐይቁ ብርጭቆ ድፍርስ እንዳለ ነው፤ ሥሩ ላይ ጭቃ ተኝቷል። የክፍሏ ውሃ ግን ጠርቷል። ሥሩ ላይ ያለው የዝገት ብናኝ ብቻ ነው።

«ሐይቁ አይደለም» አሉ። «ልጁም መረቡን ካነከረ የሚያነክረው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ መረቡም ቢሆን ጭቃ ያመጣ ነበር።»

የአክስቴ ልጅ አላመነም። «ዝናብ ነው እንዳይሉኝ ብቻ! ባልዘነበበት ሌሊትም እኮ ይርሳል» አለ። በነገራችን ላይ፣ ለምርመራው ሲሉ ሌላውንም ሁሉ አይተዋል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ሆዷን በስቶ የሚወጣበት ቦታ አለ። ሞተሩ ሲሠራ ከዚያ ጠብ ጠብ ቢል ደንብ ነው፤ ውሃው ዘንጉን ያቀዘቅዘዋል። ሞተሩ ሲቆም ግን ማቆም አለበት። ቆሟል። የሰው ትንፋሽ ብረት ላይ ላብ ሆኖ ሲወርድ ይሆን ብለውም ነበር። እሱ ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙን እኩል ያልበው ነበር እንጂ ቀኙን መርጦ አያረጥብም።

ከዚያ ሶፍት አስመጡ። አዎ፣ የምናውቀውን ሶፍት! ክፍሏ በጨርቅ ተወልውላ ከደረቀች በኋላ ሶፍቱን እየቆራረጥን በመጋጠሚያው ሁሉ ለጠፍን፤ በመስኮቱ ዙሪያ፣ በጣሪያው ማዕዘን፣ በወለሉ ጠርዝ። ልጁ ውስጥ ሆኖ ሶፍቱን ይጠብቃል። እኔ ውጪ ሆኜ በጆግ ውሃ አፈሳለሁ። ታዲያ ወዲያው ጣሪያው ላይ ልደፋው ስል ሰውዬው እጄን ያዙኝ።

«አንተ የአዲስ አበባ ልጅ! ከላይ ከጀመርክማ ውሃው ታች እስኪደርስ ሁሉንም ነክቶት ይወርዳል። በየት እንደገባ በምን ታውቃለህ? ከታች ጀምር።»

ከታች ጀመርን። ጎኗ ላይ አፈሰስኩ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ምንም። መስኮቶቹ ላይ አፈሰስኩ፣ ጠበቅን። ምንም። የጣሪያው ጠርዝ፣ ምንም። ይኸ ሁሉ ሲሆን ዳር ላይ አንድ ባለታንኳ ደንገል ታንኳውን አቁሞ ፀሐይ እያስመታ ያየናል። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ጌታው ያውቃል፤ ሥራ ሲጨርስ አውጥቶ ያደርቀዋል፣ ነገ ይንሳፈፍበታል። ማንም አይወቀስበትም። ያን ጊዜ ቀናሁበት።

በመጨረሻ ጣሪያው መሀል፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ፣ ስፒከሩ ሥር አፈሰስኩ።

ስፒከሩ የመዝሙር ነው። የአክስቴ ልጅ ከሰኔ ወዲህ፣ ምዕመናን ይወዱታል ብሎ፣ ጣሪያውን በስቶ በገዛ እጁ የገጠመው ነው። አራት ብሎን፣ አንድ የሽቦ ቀዳዳ። ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፎበታል። በፕላስተር!

አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ከስፒከሩ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ኮምፔንሳቶው ደረቅ ነው፤ የለጠፍነው ሶፍትም ደረቅ ነው። የአክስቴ ልጅ «አላልኳችሁም?» ሊል አፉን ሲከፍት ልጁ ከውስጥ ጮኸ።

«ጋሼ! ታችኛው! የቀኙ!»

ወለሉ ጠርዝ ላይ፣ ቀዳዳው ካለበት በጣም ርቆ፣ በቀኝ በኩል ያለው ሶፍት ረጥቧል። ሰውዬው በካቻቢቴ ኮምፔንሳቶውን ፈልቅቀው ገለጡት። የስፒከሩ ሽቦ ከቀዳዳው ገብቶ፣ ከጣሪያው ሥር ተጋድሞ፣ በቀኙ ግድግዳ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሽቦው ላይ የውሃ ጠብታ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክቶ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ ይወርዳል! ጉድ በል ጎንደር!

ታዲያ ዝናብ ባልነበረበት ሌሊትስ? እሱም ተፈታ። ከወለሉ ሳንቃ በታች፣ በሁለት ብረት መሀል ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ አለ። ቆሻሻና ጭቃ ደፍኖታል። በዝናብ ቀን የገባው ውሃ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ቀን ቀን ጀልባዋ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ውሃው በወለሉ ሥር በስሱ ተሰራጭቶ አይታይም። ማታ ማታ ግን የነገው ናፍጣ በጀሪካን ይመጣና ይደረደራል። የት? በቀኝ በኩል። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፣ ከትናንት ወዲያ የዘነበው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጥግ ይሰበሰባል፣ ስፖንጁ ፍራሽ ደግሞ ጠጥቶት ያድራል። ጀሪካኖቹን በቀኝ በኩል አስቀምጥ ብሎ ያዘዘው ማን መሰላችሁ? ልተወው።

ጥገናው የምሳ ሰዓት አልፈጀም። ፕላስተሩ ተነሣ፤ ቀዳዳው ጎማ ተደርጎበት በሲልከን ታሸገ። የተደፈነው የወለል ቀዳዳ በሽቦ ተጠረገ። ሽቦው ደግሞ ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት በውጪ በኩል ወደ ታች ረገብ ብሎ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ይቺን ልብ በሉ! ሽቦን ተከትሎ የሚመጣ ውሃ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። እኛ ቤት የዲሽ ሽቦ በመስኮት ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይገባል፤ ክረምት ክረምት ቴሌቪዥኑ ሥር ባልዲ እናስቀምጣለን። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትቆጣው ቆርቆሮውን የመታውን አናጢ ነበር። (ጋሽ አናጢ፣ ይህን ካነበቡ ይቅርታ።)

የአክስቴ ልጅ ምን አለ? ምንም። ሳል ሳል አለው። «እንግዲህ ታወቀ» አለና ኪሱ ገብቶ የሐምሌን ደመወዝ ቆጥሮ ሰጠው። ሰውዬው ደግሞ የእጃቸውን ዋጋ አልቀበልም አሉ። «እሱን ፍራሽ ግዛበት» ብለውት ሄዱ። ገዛ፤ ግን በጣም ስስ ናት።

ነሐሴ 15 ከሰዓት ሃያው ምዕመናን ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ ስፒከሩ መዝሙሩን ለቀቀው፤ አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ዘጌ ደረስን። የዘጌን የቡና ጥላ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያላያችሁ እዩ፤ እኔ በዚህች ገጽ አልችለውም። ሌሊቱን ምዕመናኑ ቤተ ክርስቲያን አደሩ፣ የአክስቴ ልጅም አብሯቸው። እኔ ጉልበቴ ስለከዳኝ ጀልባዋ ውስጥ ከልጁ ጋር ተጋደምኩ። እኩለ ሌሊት ላይ የነሐሴ ዝናብ መጣ፣ ጣሪያውን እንደ ከበሮ ደበደበው። ሁለታችንም አልተኛንም። ጨለማ ውስጥ፣ ድንገት፣ መስከረም ላይ ወደ ሌላ ጀልባ እንደሚሄድ ነገረኝ። ተነጋግሮ ጨርሷል።

«አሁን እኮ ታወቀልህ» አልኩት።

«ታወቀልኝ» አለ። «ባይታወቅስ ኖሮ?»

ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

ሲነጋ ዝናቡ አባራ። በእጁ ዳበሰና ከቀኙ ጥግ የለጠፍናትን ሶፍት ነቅሎ አሳየኝ። ደረቅ ናት። የአክስቴ ልጅ በቡናው መሀል፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እያዛጋ ሲመጣ ታየን።

«አንተ አሳየው» ብሎ ሶፍቷን ሰጠኝና ገመዱን ሊፈታ ወጣ።