ቀበቶው ሲቀድም

በብራዚል ጂዩ ጂትሱ ሰማያዊ ቀበቶ ቶሎ የተሰጣችሁ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኛ አፍደም ከተማ ላይ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ገና በማለዳ ነው ምንጣፍ የምንዘረጋው። ሰሞኑን የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደረቴ ላይ ከተቀመጠ ሰው ማምለጥ። ዳሌን ወደ ጎን ማሸሽ፣ ክርንን ከጉልበቱ ሥር ማስገባት፣ ከዚያ እግርን ማሾለክ። በነጭ ቀበቶ ጊዜ በጉልበት እወጣ ነበር፤ አሁን ትንፋሼን ሰብስቤ በቅደም ተከተል እሠራዋለሁ።

የዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ፣ አዋቂ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ለመሻገር በጥቅሉ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። ለእኔ ደስ የሚል ደንብ ነው፤ የሚያጣድፍ የለም። አሰልጣኛችሁ ቀበቶውን ያሰረላችሁ አምኖባችሁ ነው። እባካችሁ፣ ነጭ ቀበቶ እንዳያሸንፈኝ ብላችሁ ከልምምድ አትቅሩ።