«እጅህ ይባረክ»

በላስታ፣ ገነተ ማርያም የሚገኘውን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው በግድግዳው ላይ የንጉሥ ይኩኖ አምላክን ሥዕል ያስታውሳል። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ነው። ስማቸውም መልካቸውም እስከ ዛሬ አለ። አለቱን ሲፈለፍሉ የኖሩት ሠራተኞች ስም ግን ለእኛ አልደረሰም።

ነገሩ የጥንት ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየማሳውና በየጓዳው ሲደክም ውሎ ስሙ የማይነሳ ሰው ሞልቷል። እኛም በሥራ ዓለም ባሳለፍናቸው ዓመታት ብዙ አይተናል። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባልደረባችን ነበሩ። ጠፋ የተባለ ፋይል ሁሉ የሚገኘው በእሳቸው እጅ ነው። ሲገኝ ግን ሁሉም ዝም፤ አንድ ቀን ሲዘገይ ቁጣ። እያደር እንቅልፍ አጡ፤ ሐኪምም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ነገራቸው። ስንጠይቃቸው፣ «ሥራውስ አልከበደኝም፤ የከበደኝ እንደ ዕቃ መታየቱ ነው» አሉን።

ይህ የሆደ ባሻነት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ተመራማሪው ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ብዙ የሚደክም ሰው ተገቢ ደመወዝ፣ ክብርና የሥራ ዋስትና ካላገኘ የሚዛኑ መዛባት ጤናውን እንደሚጎዳ አስረድተዋል። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው የዋይትሆል ጥናትም በ2005 ያወጣው ውጤት አለ። ከ6 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትሎ፣ በሥራ ቦታቸው በፍትሕ እንደሚያዙ የተሰማቸው ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ35 በመቶ ያህል አንሶ አግኝቶታል። ሠራተኞቹ ከተጠየቁት ውስጥ አንዱ ለሥራቸው ይመሰገኑ እንደሆነ ነበር።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የተናቀ ሰው ሰውነቱ አደጋ እንደመጣበት ሁሉ ይዘጋጃል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲሆን አይጎዳም፤ ለዓመታት ሲመላለስ ግን ደም ሥሮችን ያደክማል። ላይ እንቅልፍ ማጣትና ሲጋራ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ይህ ማለት ግን ምስጋና የሐኪምን ቦታ ይተካል ማለት አይደለም። ደረቱን የሚያመው ወይም ግፊት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጥ።

በዲናችን ደግሞ ትልቅ ትምህርት አለን። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። ስትጠፋባቸው ጠየቁ፤ መሞቷን ነገሯቸው። ሰዎች ነገሯን አቅልለው ሳይነግሯቸው መቅረታቸውን ወቅሰው፣ ወደ መቃብሯ ሄደው ሰገዱላት። የመጥረጊያ ሥራ በእሳቸው ዘንድ ይህን ያህል ክብር ነበረው።

እንግዲህ ከየቤታችን እንጀምር። የቤት ሠራተኛችን ደመወዟ በቀኑ ይከፈላት፤ ያልተከፈለ ደመወዝ በመልካም ቃል አይሸፈንምና። ቀጥሎም በስሟ እንጥራት፤ ወጡ ሲጣፍጥ እንንገራት፣ ሲያርም በሰው ፊት አናዋርዳት። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን «እጅሽ ይባረክ» ይበል። አለቃ የሆንንም የጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና የመዝገብ ቤቱን ሰው ድካም በሌሎች ፊት እናንሳ። የተከፋ ባልደረባ ስናይም፣ እንደ ወሎ ሰው «አብሽር» ብለን አጠገቡ እንቀመጥ።

ባልደረባችን ጡረታ በወጡ ዕለት ብዙ ሰው ተሰብስቦ አመሰገናቸው። ደስ አላቸው። ያ ቃል ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢደርሳቸው ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም ይተኙ ነበር!

አላህ የሰውን ድካም የምናይ ያድርገን። አሚን።