ኮርቻና ኮቴ

ግጥም ለሚወድ ሰው ስለ ላፕቶፕ ማውራት፣ የሠርግ ድንኳን ገብቶ ስለ ማገዶ ዋጋ እንደ ማውራት ይቆጠር ይሆናል። ቢሆንም ከመቶ የሚበልጡ ግጥሞቼን ይዞብኝ የሞተ ላፕቶፕ ነበረኝና፣ ዛሬ ስለ እርሱና ስለ ተተኪው ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. ነበር። ባንክ ከተቀጠርሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳየው ዓይኔን ያዘው፤ ስስ፣ ብርማ፣ ክዳኑ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ዋጋውን እንጂ ሌላ የጠየቅሁት ነገር አልነበረም። ወደ አዘና ስመለስ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ከመስኮት ኋላ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ጣራውን በሚደበድብበት አንድ ማታ፣ ክርኔ የሻይ ብርጭቆ ነካ። የፈሰሰው ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ስክሪኑ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ጨለመ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ እንጅባራ ይዤው ሄድሁ። ጠጋኙ ወጣት ከፍቶ ጥቂት ካየው በኋላ ቀና አለና፦

«ወንድሜ፣ ማዘር ቦርዱ ሄዷል» አለኝ።

«ቦርዱ ይቅር፤ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አውጣልኝ።»

«ችግሩ እሱ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ተነቅሎ ሌላ ላይ አይሰካም።»

ከጠፉት ግጥሞች መካከል ለአባቴ ሙት ዓመት የጻፍሁት ነበረበት። የመጀመሪያውን አንጓ አስታውሳለሁ፤ የመጨረሻውንም እንደዚያው። መካከሉ የለም። ሌላ ቦታ አለመገልበጤ የእኔ ስንፍና ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በዕቃው ላይ አላላክክም። ነገር ግን «ተነቅሎ አይሰካም» የምትለዋ ቃል በጆሮዬ ቀረች።

ለካስ ላፕቶፕ ሁለት ወገን ኖሯል። አንዱ ለቤት ተጠቃሚ የሚሠራ ነው፤ ሌላው መሥሪያ ቤቶች በሺህ ቁጥር እንዲያዝዙት የሚሠራ። የሌኖቮ አይዲያፓድ ከመጀመሪያው፣ ቲንክፓድ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የኤችፒ ፓቪሊዮን ከመጀመሪያው፣ ኤሊትቡክ ከሁለተኛው። ዴልም ለዓመታት ኢንስፓይሮንና ላቲቲዩድ እያለ ሲለያቸው ኖሮ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ላቲቲዩድን ትቶ የመሥሪያ ቤቱን ወገን ዴል ፕሮ ብሎታል። የቤቱ ወገን መደርደሪያ ላይ ሆኖ ገዢን መጥራት አለበትና ውበቱ ላይ ይደክሙበታል፤ ርካሾቹ ሲሆኑ ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ የማይታየውን ይበይዱታል። የመሥሪያ ቤቱ ወገን ማንንም በመልኩ አይጠራም። አንድ ድርጅት ሺህ ላፕቶፕ ሲገዛ የሚያሳስበው ሲበላሽ ማን በስንት ሰዓት ይጠግነዋል የሚለው ነው። ስለዚህ ማከማቻው አብዛኛውን ጊዜ ብሎን ተፈትቶ ይወጣል፤ የፊደል ገበታው ይለወጣል፤ የጥገና መመሪያውን ራሱ አምራቹ ለማንም ሰው ይለቀዋል። በብዙዎቹም ላይ ሻይ ቢፈስ የሚወርድበት ቀዳዳ ከፊደል ገበታው ሥር ተበጅቶለታል። ይህችን ሳነብ ስቄም አዝኜም ነበር።

አንዲት ነገር ደግሞ ግጥም ለሚሞክር ሰው ትጥማለች። ቲንክፓድን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይቢኤም ነው፤ ለሌኖቮ የተሸጠው በ2005 ነው። ስሙ የመጣው የአይቢኤም ሠራተኞች በኪሳቸው ይይዟት ከነበረች፣ ሽፋኗ ላይ «አስብ» የሚል ቃል ከታተመባት ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ነው። ያ ጥቁር፣ ማዕዘን የበዛበት፣ መልከ ደረቅ ዕቃ ስሙን የወረሰው ከደብተር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛውን ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ስጀምር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ባንክ የምሠራ ሰው ነኝና ይህን ለሌላው ማስረዳት አያቅተኝም፤ ለራሴ ኪስ ማስረዳት ግን አቃተኝ። በያዝሁት ገንዘብ የቀሩልኝ ሁለት ምርጫዎች ሆኑ፦ አዲስ ግን ርካሽ የቤት ላፕቶፕ፣ ወይም ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ። አንዱ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ሌላው የማላውቀው ሰው ጣት ፊደሎቹን ያለሰለሳቸው።

በዚህ መካከል ጥር 23 ደረሰ፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል። እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሶቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው ሲሰግሩ፣ ከአጎቴ ጋር ቆሜ እመለከት ነበር። አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈረስ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከፊታችን ባለፈ አንድ ያማረ ፈረስ ተደንቄ፦

«ይህን ቢያገኙት አይገዙትም?» አልኋቸው።

«ምኑን አየህና ነው?»

«ውበቱን ነዋ!»

«ያየኸውማ ኮርቻውን ነው፤ ልጄ። ኮርቻ ይወልቃል። ፈረስ ስትገዛ ኮቴውን አንሥተህ እይ፤ አፉን ከፍተህ ጥርሱን እይ። የትኛውን መንገድ እንደምትሄድበት ደግሞ አስቀድመህ ለራስህ ንገረው።»

እርሳቸው ስለ ፈረስ ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን ያን ቀን ላፕቶፔን መረጥሁ።

የእኔን መንገድ አውቀዋለሁ። መብራት ይሄዳል፤ ጠጋኝ ሩቅ ነው፤ ሥራዬ ፊደል መልቀም ነው። ቲንክፓድ ቲ480 የሚባለው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጡ የተቀመጠ፣ አንዱ ከውጭ የሚነቀል። ላፕቶፑ ሳይጠፋ የውጩን አውጥቶ በሌላ መተካት ይቻላል፤ እስከዚያው የውስጡ ይዞ ያቆየዋል። ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና፣ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ 11 መቀበሉን ማየት አለበት፤ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ። ይህኛው ያንን ያሟላል።

ኮቴና ጥርስ ማየቱንም አልተውሁም። ሻጩ ፊት ክዳኑን ደጋግሜ ከፍቼ ዘግቼ ማጠፊያው መላላት አለመላላቱን አየሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ዊንዶውስ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረውን ጎን ለጎን ያሳያል፤ አስወጣሁት። ከሁሉ በላይ አጥፍቼ ስከፍተው ባዮሱ በይለፍ ቃል ያልተቆለፈ መሆኑን አረጋገጥሁ። ቀድሞ የነበረበት ድርጅት ቆልፎ የተወው ከሆነ፣ የገዛኸው ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ያለ ፈረስ ነው።

የቤቱን ወገን ግን ማማት አልፈልግም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወዳጄ ባለ ግራፊክስ ካርድ የቤት ላፕቶፕ ገዝቶ አልተሳሳተም፤ የእኔ ስክሪን ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙም ለእርሱ ሥራ አይሆንም። የመሥሪያ ቤት የሚለው ስምም ዋስትና አይደለም፤ ዛሬ ዛሬ ከስስነት ፉክክር የተነሣ ሚሞሪያቸው የተበየደ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች አሉ። ከስሙ ይልቅ «ሲበላሽ ምኑ ይነቀላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ጽሑፉን ሳልዘጋ የውጩን ነቅዬ ሌላውን ሰካሁ። የተከፈተው የአባቴ ግጥም ነበር። መካከሉን እንደገና እየጻፍሁት ነው። የድሮው አይደለም፤ ያን ጊዜ የጻፈው ልጅ በአባቱ ሞት የተናደደ ነበር፤ አሁን የሚጽፈው የናፈቀው ነው። ሲያልቅ በፍላሽ ገለበጥሁት፤ ከዚያም ደብተር አውጥቼ በእስክሪብቶ ጻፍሁት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ!

ኮርቻው ለበዓሉ፣ ኮቴው ለመንገዱ፣
ሁለቱም ያልፋሉ ቀን ሲደርስ ሲሄዱ፤
አባ ስምህ ግና ከእንግዲህ አይጠፋም፣
በልቤ ጽፌዋለሁ፣ ሻይ እዚያ አይደፋም።